ጨጓራ ሳይኖረው መብላት የሚጀምር ዓሣ፦ የአምባዛ እጭ የመጀመሪያ ሳምንት

አምባዛን የማያውቅ የሐይቅ ዳር ሰው የለም። ጣና ላይ አለ፤ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ ላይም አለ። ቅርፊት የሌለው፣ ጭንቅላቱ ሰፋ ብሎ ጠፍጠፍ ያለ፣ አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም ያለው ዓሣ ነው። ቅርፊት ስለሌለው በእምነት ምክንያት የማይቀምሰው ሰው ብዙ ነው። የሚበላው ደግሞ ሥጋው ሞላ ያለ ስለሆነ ይወደዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪዬፒኑስ ይባላል። ከደቡብ አፍሪካ እስከ አባይ ሸለቆ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዮርዳኖስና ቱርክ ድረስ ይገኛል።

ትልቁ አምባዛ ጠንካራ ነው። ውሃው ቢደፈርስ ይችለዋል። ኦክስጅን ሲያጥረው ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይስባል። ያገኘውን ይበላል፤ ትንንሽ ዓሣ፣ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ የእፅዋት ቅሪት፣ ሁሉም ይሆነዋል። አፍሪካ ውስጥ ዓሣ ማርባት ሲነሳ ከቆሮሶ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ከእንቁላል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ይኸው ዓሣ በቀላሉ ይረግፋል። አንድ ገንዳ ሙሉ እጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ምክንያቱን ለማወቅ ተመራማሪዎች ሃያ ዓመት ያህል ለፍተዋል። የመጀመሪያው መልሳቸው ትክክል ይመስል ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ። እዚህ የምተርከው ይህንን ነው። እኛ ዘንድ ጫጩት ዓሣ ለማምረት ለሚያስብ ሁሉ በቀጥታ ይመለከተዋል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የታየበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በመካከለኛው አፍሪካ አምባዛን በኩሬ ለማርባት ብዙ ተሞከረ። በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በባንጊ የተሠራው ሥራ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓሣውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማጥናት ጀመሩ። ያኔ ክላሪያስ ላዜራ ይሉት ነበር። ከጋሪዬፒኑስ ጋር አንድ ዝርያ ነው ተብሎ የተጠቃለለው በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው።

እንቁላል ማግኘቱ ራሱ ዘዴ ይጠይቃል። ኩሬ ውስጥ የምትኖር ሴት አምባዛ እንቁላሏ ይጎመራል፤ ግን አትጥልም። በተፈጥሮ የምትጥለው ዝናብ ዘንቦ፣ ውሃው ሞልቶ ዳር ያለውን ሣር ሲያለብሰው፣ በሌሊት ነው። ኩሬ ውስጥ ይህ ምልክት የለም። ስለዚህ ከሌላ ዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ፒቱታሪ የተባለው እጢ ይወጣል፤ ይፈጫል፤ በጨው ውሃ ተበጥብጦ ትወጋዋለች። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ሆዷ ቀስ ተብሎ ሲታሸት እንቁላሉ ይፈስሳል። ከወንዱ የዘር ፈሳሽ አሽቶ ማውጣት ግን አይቻልም። ወንዱ ይታረድና ቆለጡ ወጥቶ ይጨመቃል። አንድ ግራም ውስጥ 700 ያህል እንቁላል አለ። ከአንዲት ደህና ሴት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ሥራ በ1980 ገደማ መልክ ያዘ። እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ እጮቹም ይዋኛሉ። ችግሩ የመጣው የሚበሉት ሲቀርብላቸው ነው። ለሌላ ዓሣ የሚሠራው ደረቅ መኖ ተፈጭቶ ሲሰጣቸው ጥቂቶቹ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ። አርቴሚያ የተባለችው የጨው ሐይቅ ጥቃቅን ፍጥረት ስትቀርብላቸው ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም የሚመዝን እጭ 28 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ ውስጥ በ10 ቀን ገደማ ክብደቱ 30 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። በአንድ ገንዳ ያለው ያድጋል፤ በሌላው ያለው ይጠወልጋል። ልዩነቱ የምግቡ ብቻ ነው።

አርቴሚያ ውድ ናት። እንቁላሏ በብዛት የሚሰበሰበው ከአሜሪካው የዩታ ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው፤ ታሽጎ በቆርቆሮ ይሸጣል። ለአፍሪካ አርቢ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። ስለዚህ «ለምን እሷን ብቻ?» የሚለው ጥያቄ ሳይንሳዊ ጉጉት ብቻ አልነበረም። አምባዛን ማርባት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነበር።

ከእንቁላል እስከ መጀመሪያዋ ጉርሻ

የእጩን ሆድ ለመረዳት ከመፈልፈል መጀመር ያስፈልጋል። የአምባዛ እንቁላል የሚፈለፈለው በጣም ቶሎ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው። 20 ዲግሪ ላይ 57 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 25 ዲግሪ ላይ 27 ሰዓት ይበቃዋል። 30 ዲግሪ ላይ 20 ሰዓት ገደማ ነው። አምስትና አሥር ዲግሪ ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ስለ ሰበታ ሳወራ እመለስበታለሁ።

የወጣው እጭ ርዝመቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሆዱ ሥር አረንጓዴ የሚመስል ክብ ነገር ይታያል። ይህ የአስኳል ከረጢቱ ነው፤ እናቱ የሰጠችው ስንቅ። አፉ ገና አልተከፈተም። ዓይኑ ገና ቀለም አልያዘም። አንጀቱ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ያልተከፈተ ቀጭን ቱቦ ነው። ጨጓራ የለም። ጉበትና ቆሽትም ገና ሥራ አልጀመሩም። እጩ በዚህ ሰዓት ብርሃን ይሸሻል፤ ጨለማ ጥግ ፈልጎ ከሌሎቹ ጋር ይከማቻል።

ቀጥሎ ያለው ለውጥ በጣም ፈጣን ነው። ሙቀቱ ከ27 እስከ 28 ዲግሪ ከሆነ ስንቁ በሦስት ቀን ያልቃል። በነዚህ ሦስት ቀናት አፉ ይከፈታል፤ መንጋጋው ጥርስ ያወጣል፤ ጢሞቹ ይረዝማሉ። ጉበቱ፣ የሐሞት ከረጢቱና ቆሽቱ ቦታቸውን ይይዛሉ። አንጀቱ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ይከፈታል። ስንቁ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ እጩ ወደ ላይ ተነስቶ ምግብ መፈለግ ይጀምራል። ሁለቱ ምግቦች፣ የውስጡና የውጪው፣ ለአጭር ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ይህች ጊዜ ካለፈች በኋላ ምግብ ያላገኘ እጭ ማገገም ይከብደዋል።

የተፈጥሮ ኑሮውን ሳስበው ይህ ችኮላ ምክንያት እንዳለው ይገባኛል። እናቱ እንቁላሏን ሣር ላይ አጣብቃ ትሄዳለች። ጠባቂ የለም። ሣሩን የሸፈነው ውሃ ደግሞ ነገ ሊሸሽ ይችላል። እዚያ የቆየ ይደርቃል። ቶሎ ተፈልፍሎ፣ ቶሎ በልቶ፣ ቶሎ ዋኝቶ ወደ ጥልቁ የገባ ይተርፋል። ጨጓራ እስኪሠራ መጠበቅ የሚያስችል ጊዜ የለም።

ጨጓራ የሌለው ሆድ እንዴት ይፈጫል?

ሰው ምግብ ሲበላ ጨጓራው ውስጥ አሲድ ይጠብቀዋል። አሲዱ ፕሮቲኑን ይፈታታል፤ ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ከዚያ ነው ወደ አንጀት የሚያልፈው። ትልቁ አምባዛም እንደዚሁ ነው። መብላት የጀመረው እጭ ግን ይህ ክፍል የለውም። ጨጓራ ሊሆን የታሰበው ቦታ አለ፤ አሲድ የሚያመነጩት እጢዎች ግን ገና አልበቀሉም።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው አንጀቱ ላይ ነው። ቆሽቱ ትሪፕሲንና መሰሎቹን ይልካል። እነዚህ ኢንዛይሞች አሲድ አይፈልጉም፤ ለዘብ ባለ፣ ወደ አልካላይን ባዘነበለ ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚሠሩት። የአንጀቱ የፊት ክፍል ስቡን ይወስዳል። የኋላው ክፍል ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ያደርጋል። ሙሉ በሙሉ ያልተቆራረጠውን ፕሮቲን የአንጀቱ ሕዋሶች እንዳለ ይውጡትና እዚያው ውስጣቸው ይፈጩታል። በማይክሮስኮፕ ሥር ሕዋሶቹ ውስጥ የተዋጠው ፕሮቲን እንደ ጠብታ ተቀምጦ ይታያል። ጨጓራ የሌለው ሆድ ጉድለቱን የሚሞላው በከፊል በዚህ ነው።

ይህን ዝርዝር በጥንቃቄ ያጠናው በዋገኒንገን ዮሃን ቬሬትና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ ነው፤ ውጤቱ በ1992 እና በ1993 ወጣ። እጮቹን በየቀኑ እየወሰዱ ሆዳቸውን በስሱ እየቆረጡ አዩ፤ ኢንዛይሞቹንም ለኩ። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። እጩ መብላት ከጀመረ ከ4 እስከ 5 ቀን ሲሆነው፣ ርዝመቱም 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ የጨጓራው እጢዎች በቅለው ሥራ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ አሲድ አለ፤ ፔፕሲን አለ። የተበላው ምግብም ጨጓራው ውስጥ ይቆያል። ከመፈልፈል ብንቆጥር ስምንት ቀን ገደማ መሆኑ ነው። ብዙ የባሕር ዓሦች እዚህ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ አምባዛ በዚህ በጣም ፈጣን ነው።

የመጀመሪያው መልስና የተነሳበት ጥርጣሬ

እስካሁን የተባለውን የሰማ ሰው መልሱን ራሱ ይሰጣል። እጩ ጨጓራ የለውም፤ ስለዚህ ደረቅ መኖ መፍጨት አይችልም። ሕይወት ያላት አርቴሚያ ደግሞ የራሷን ኢንዛይም ይዛ ትመጣለች። ስትዋጥ ኢንዛይሟ ይወጣና የእጩን ሆድ ያግዛል። ይህ ሐሳብ ከአምባዛ በፊትም ነበር። ፖላንዳዊው ዳብሮቭስኪና ባልደረባው በ1977 ለካርፕና ለመሰሎቹ ዓሦች ያቀረቡት ነው። ለብዙ ዓመት ሰው ሁሉ ተቀብሎት ቆየ። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ነገር በአንዴ ያብራራል።

ግን ሁለት ነገሮች አይገጥሙም ነበር።

አንደኛው ራሱ ካርፕ ነው። እኛ ዘንድ ቆቃና ዝዋይ ላይ አለ። ካርፕ ዕድሜውን ሙሉ ጨጓራ የለውም። ትልቅ ሆኖም ጨጓራ ሳይኖረው ደረቅ መኖ በልቶ ይሰባል። የጨጓራ አለመኖር ብቻውን ደረቅ መኖን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ የዓለም የካርፕ እርባታ ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው የመጣው ከአርቴሚያ እንቁላል ነው። የአርቴሚያ እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት አለው። በረኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲነከር ቅርፊቱ ይሟሟል፤ ውስጡ ያለው ፅንስ ራቁቱን ይቀራል። ፅንሱ አልተፈለፈለም፤ አይንቀሳቀስም፤ እንደተኛ ነው። ቬሬትና ባልደረቦቹ በ1987 ይህን ለአምባዛ እጮች ሰጡ። እጮቹ በጣም ጥሩ አደጉ። አብረው የተሞከሩት ደረቅ መኖዎች አጠገቡ አልደረሱም። የተኛ ፅንስ ውስጥ የኢንዛይም ሥራ ዝቅተኛ ነው። ታዲያ እጩን የረዳው ምንድን ነው?

ይህ ሙከራ ሌላም ነገር አሳየ። ብዙ ዓሦች የሚንቀሳቀስ ነገር ካላዩ አይበሉም። አምባዛ እንደዚያ አይደለም። በጢሙና በማሽተት ስለሚፈልግ ጨለማ ውስጥም፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ነገርም ያገኛል። ስለዚህ የአርቴሚያ ጥቅም መንቀሳቀሷ ነው የሚለውም ወደቀ።

ማረጋገጫው በ2000 መጣ። አርማንዶ ጋርሲያ ኦርቴጋ እዚያው ዋገኒንገን ከቬሬት ጋር ሆኖ ቀጥታውን ጥያቄ ጠየቀ። እጩ አርቴሚያ ከበላ በኋላ ሆዱ ውስጥ ከሚሠራው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ውስጥ ስንቱ የአርቴሚያ ነው? ለክተው ያገኙት ከአንድ በመቶ በታች ነው። የቀረው ሁሉ የእጩ የራሱ ነበር። ጨጓራ የሌለው ትንሽ ፍጥረት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ቆሽቱ ያመርትለታል።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ጥፋቱ በእጩ ሆድ ላይ ይደረግ ነበር። ምርምሩ ጥያቄውን ከሆዱ ወደ መኖው አዞረው።

ደረቅ መኖው ምን ጎደለው?

የፋብሪካ መኖ የሚሠራው ከዓሣ ዱቄትና ከመሰሉ ነገሮች ነው። ዱቄቱ ይቀቀላል፤ ይደርቃል። ፕሮቲኑ በሙቀት ይተሳሰራል፤ ውሃ ውስጥም አይሟሟም። ትልቅ ዓሣ ጨጓራው ውስጥ አሲድ ስላለ ይህን ይፈታዋል። የእጩ አንጀት ግን ያለ አሲድ እንዲህ ዓይነቱን ፕሮቲን በአጭር ጊዜ ውስጥ መፍታት ይቸግረዋል። አንጀቱ አጭር ነው፤ ምግቡም ቶሎ ያልፋል። እጩ በልቶ ሆዱ ሞልቶ ይራባል። ኢንዛይም አለው። የሚሠራበት ጊዜና የሚገጥመው ፕሮቲን ነው ያጣው።

አርቴሚያ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ፕሮቲን የሚሟሟና ትኩስ ነው፤ ፕሮቲን የሚገነባባቸው ነፃ አሚኖ አሲዶችም አሉበት። አካሏም አብዛኛው ውሃ ነው። ደረቅ መኖ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ አሥር አካባቢ ብቻ ነው።

«ታዲያ መኖውን የሚሟሟ እናድርገው» ሊባል ይችላል። እዚህ ጋ ሌላ ችግር ይመጣል። የሚሟሟ ነገር ሆድ ሳይገባ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። እጩ የሚበላት ቅንጣት ከግማሽ ሚሊ ሜትር አትበልጥም። እንዲህ ያለች ቅንጣት ውሃ እንደነካች ምግቧ መፍሰስ ይጀምራል። በደቂቃዎች ውስጥ የቀረው ገለባው ነው። የፈሰሰው ደግሞ ውሃውን ያበላሻል።

መንገድ እንዳለ ያሳዩት ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ኡይስና ሄክት በ1985 እርሾና የዓሣ ዱቄት ላይ የተመሠረተ ደረቅ መኖ ሠርተው ለእጮቹ ሰጡ፤ በቀን ስንት ጊዜ መቅረብ እንዳለበትም ፈተሹ። ውጤታቸው ከዚያ በፊት ከነበሩት ደረቅ መኖዎች በጣም የተሻለ ነበር። የእርሾ ፕሮቲን ለእጩ አንጀት ይቀልላል። ይህም የሚያሳየው ችግሩ የመኖው አሠራር እንደነበር ነው።

ጨጓራው ከበቀለ በኋላ ነገሩ ይቀላል። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው የአምባዛ መፈልፈያ የሚከተለው መንገድ መሐል ላይ ያለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አርቴሚያ፣ ከዚያ ደረቅ መኖ እየተቀላቀለ፣ ቀስ በቀስ ጡት ማስጣል፣ ማለትም አርቴሚያውን ማስቀረት።

በረሃብ የሚመስሉ ሌሎች ሞቶች

እጭ ሲሞት ሁሉንም በምግብ ማሳበብ ቀላል ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። አምባዛ አየር ይስባል ሲባል የሰማ ሰው እጩንም እንደዚያ ያስበዋል። አየር የሚስብበት አካል የሚበቅለው ግን ከተፈለፈለ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ካለቀ እጩም ያልቃል። የተረፈ መኖ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይበላል፤ አሞኒያም ይለቅቃል። ደረቅ መኖ የሚገድለው አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው። ወለሉን በየቀኑ መጥረግ የግድ ነው።

ሁለተኛው ጥጋብ ነው። የአምባዛ እጭ ሆዱ እስኪወጠር ይበላል። አንዳንድ ገንዳ ላይ እጮቹ ሆዳቸው አብጦ ከሥር ተቀድዶ ይገኛሉ። ይህ የታወቀ ችግር ነው። አንዴ በብዛት ከመስጠት ትንሽ ትንሹን ደጋግሞ መስጠት ይሻላል። ሌሊትም ቢሆን መመገብ ይጠቅማል፤ ጨለማ ውስጥ በደንብ ይበላሉና። ገንዳውን መሸፈኑም እድገታቸውን እንደሚያግዝ በእስራኤል የተሠራ ጥናት አሳይቷል።

ሦስተኛው መበላላት ነው። አምባዛ ወንድሙን ይበላል። ይህንንም ሄክትና እስራኤላዊው አፔልባውም በ1988 በዝርዝር ገልጸውታል። ትንንሽ ሳሉ አንዱ ሌላውን በጭራው በኩል ይይዘዋል፤ እስከ ጭንቅላቱ ይበላውና ጭንቅላቱን ይተወዋል። ገንዳ ውስጥ ባዶ ጭንቅላት የሚገኘው ለዚህ ነው። ርዝመታቸው 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ከጭንቅላቱ ጀምሮ እንዳለ ይውጡታል። መበላላቱ የሚብሰው አንዱ ከሌላው ሲበልጥ ነው። ብልጫውን ደግሞ የሚፈጥረው ምግብ ነው። መኖ ሲያንስ ወይም ለሁሉም ሳይዳረስ ሲቀር ቀድሞ የጠገበው ቀድሞ ያድጋል፤ ያደገው ወንድሙን ይበላል፤ በልቶም ይበልጥ ያድጋል። የመጀመሪያው ሳምንት አመጋገብ የሦስተኛውን ሳምንት ሞት የሚወስነው እንዲህ ነው። በየጊዜው በወንፊት እየለዩ በመጠን በመጠን ማስቀመጥ የሚረዳውም ለዚሁ ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ አምባዛ ሞልቷል፤ ጫጩቱን በሰው እጅ ማምረት ግን ሌላ ነገር ነው። ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለው ሰበታ ነው፤ ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ደጋማ ቦታ ላይ ያለ ውሃ ይቀዘቅዛል። ከላይ ያነሳሁት የሙቀት ነገር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው። እንቁላል 30 ዲግሪ ላይ በ20 ሰዓት ሲፈለፈል 20 ዲግሪ ላይ 57 ሰዓት ከወሰደ፣ ጨጓራውም የሚዘገየው በዚያው መጠን ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። «በአምስተኛው ቀን ጡት አስጥል» የሚለው መመሪያ የተጻፈው 28 ዲግሪ አካባቢ ላለ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ገንዳ ላይ ያንን ቀን ቆጥሮ ደረቅ መኖ የጀመረ ሰው ጨጓራ ለሌለው እጭ የጨጓራ ምግብ ሰጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ከቀን ይልቅ ርዝመትን መያዝ ይሻላል። 11 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጥቂት እጮችን ሰሃን ላይ አውጥቶ በማስመሪያ መለካት ከባድ ሥራ አይደለም። አብዛኞቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ካለፉ ደረቅ መኖ መቀላቀል መጀመር ይቻላል። ካላለፉ ይጠበቅ። ውሃውን ማሞቅ ከተቻለ ደግሞ ወጪው ይካሳል፤ አርቴሚያ የሚያስፈልግበት ጊዜ ስለሚያጥር። ማሞቂያው የሚበላው መብራትና የሚተርፈው አርቴሚያ ጎን ለጎን መሰላት አለባቸው።

አርቴሚያ ለማይገኝበት ቦታ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እጮቹን በቀጥታ ወደ ኩሬ መልቀቅ ነው። ኩሬው በፍግ ቀድሞ ይዘጋጃል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዓይን የሚያስቸግሩ የውሃ እንስሳት ይፈሉበታል። እጩ በተፈጥሮ የሚበላው እነሱን ነው፤ ሁሉም ትኩስ፣ ሁሉም የሚሟሟ ፕሮቲን። ችግሩ ጠላት ነው። እንቁራሪትና አዳኝ የውሃ ነፍሳት እጩን ይጨርሱታል። በኮንጎ ብራዛቪል በተሠራ ሥራ ኩሬውን በቆርቆሮ ማጠር ብቻ የሚተርፈውን ጫጩት ብዛት በጣም አሳድጎታል። ይህ እኛ አገር ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ኩሬው መሞላት ያለበት እጮቹ ሊለቀቁ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ቀድሞ የተሞላ ኩሬ አዳኞቹ ቀድመው ይገቡበታል።

ሌላው መንገድ እነዚያኑ የውሃ እንስሳት በተለየ ገንዳ አርብቶ በጥሩ ወንፊት እያጠለሉ ለእጮቹ ማቅረብ ነው። ሰው ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪ ግን አይፈልግም። እንደ እኔ ሐሳብ ለአነስተኛ መፈልፈያ የሚያዋጣው ይህ ነው። የሚያስፈልገው ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው። ጨጓራው ከበቀለ በኋላ እዚሁ የሚገኘውን የኑግ ፋጉሎ፣ የዓሣ ተረፈ ምርትና የቢራ እርሾ አዋህዶ የተሠራ ዱቄት መሞከር ይቻላል። የቢራ ፋብሪካዎቻችን እርሾ ከሮድሱ መኖ ጋር ስለሚቀራረብ በተለይ መፈተሽ ያለበት ይመስለኛል። መጀመሪያ ግን በትንሽ ገንዳ፣ አጠገቡ አርቴሚያ የሚበላ ሌላ ገንዳ ተቀምጦ፣ ሁለቱም እየተመዘኑ መሆን አለበት።